በአስር እየቆጠርን በስልሳና በአስራ ሁለት የምንለካው ለምንድን ነው?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቁጥራችን በአስር፣ በመቶ፣ በሺህ እያለ ያድጋል። ታዲያ ደቂቃው 60 ሰከንድ፣ ሰዓቱ 60 ደቂቃ፣ ቀኑ 24 ሰዓት፣ ክቡ 360 ዲግሪ፣ ደርዘኑ 12፣ ጫማው 12 ኢንች፣ ፓውንዱ 16 አውንስ የሆነው ለምንድን ነው? የጥንት ሰዎች በአስር መቁጠር አያውቁም ነበር? ዛሬስ ሁሉንም በአስር አድርጎ መገላገል አይቻልም?»

ከመካከለኛው ልጀምር። ያውቁ ነበር፤ ያውም አሳምረው። የግብፅ ጸሐፊዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3000 ዓመት አካባቢ ለአንድ፣ ለአስር፣ ለመቶ፣ ለሺህ እያሉ እስከ ሚሊዮን ድረስ ለየደረጃው የራሱ ምልክት ነበራቸው። ሮማውያንም በአስር እየቆጠሩ ነው ፓውንዳቸውንም ጫማቸውንም ለአስራ ሁለት የከፈሉት። በስልሳ ያሰሉ የነበሩት ባቢሎናውያን እንኳ ከ1 እስከ 59 ያለውን ቁጥር ሲጽፉ አስር አስሩን እየቋጠሩ ነበር። ስለዚህ የጥንቱን ሰው አላዋቂ አድርጎ የሚያልፍ ማብራሪያ ከሰሙ አይቀበሉት። ሁለቱ አሠራሮች ጎን ለጎን የኖሩት መቁጠርና መለካት ከቁጥር የሚፈልጉት ነገር ስለሚለያይ ነው።

መቁጠር ወደ ላይ መሰብሰብ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ሙሉ ሙሉ ነገሮችን እናከማቻለን፤ ጣታችን አስር ስለሆነ አስር ላይ ስንደርስ አንድ እንይዝና እንደገና እንጀምራለን። መለካት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች መክፈል ነው። አንድ ሙሉ ቀን፣ አንድ ሙሉ ክብ፣ አንድ ሙሉ ገመድ ይዘን ግማሹን፣ ሲሶውን፣ ሩቡን እንፈልጋለን። እጃችን ለመቁጠር የሰጠን ቁጥር ደግሞ ለመክፈል የተመቸ ሆኖ አልተገኘም። አስርን ለሁለት ይክፈሉት፣ አምስት አምስት ይወጣል፤ አምስቱን እንደገና ለሁለት ልክፈል ቢሉ አንድ ይተርፋል። ለሦስትማ ከመጀመሪያውም እምቢ ይላል። ሰው በየዕለቱ የሚፈልጋቸው ክፍሎች ደግሞ ግማሽ፣ ሲሶና ሩብ ናቸው። አስር ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው በደንብ የሚሰጠው።

12 ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አንድንና ራሱን ጨምረን ብንቆጥር 10 አራት አካፋዮች ብቻ ሲኖሩት 12 ስድስት፣ 24 ስምንት፣ 60 አስራ ሁለት፣ 360 ሃያ አራት አሏቸው። 60 ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ትንሹ ቁጥር ነው። ሰዓትን ይመልከቱ፦ ግማሹ 30 ደቂቃ፣ ሲሶው 20፣ ሩቡ 15፣ አምስተኛው 12፣ ስድስተኛው 10። ሰዓቱ 100 ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ሲሶው 33 ደቂቃ ከሲሶ፣ ስድስተኛው 16 ደቂቃ ከሁለት ሲሶ ይሆን ነበር። ቀኑም እንደዚሁ ነው። 24 ሰዓት ለሁለት ፈረቃ 12፣ ለሦስት 8፣ ለአራት 6 ይሰጣል፤ ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ፋብሪካ ሦስት የስምንት ሰዓት ፈረቃ፣ ባሕር ላይ ያለ መርከብ ስድስት የአራት ሰዓት ጥበቃ አድርጎ ቀኑን ሊሸፍን የቻለው ለዚህ ነው። ዕቃ የሚያሽግ ሰውም 12ቱን ሁለት በስድስት ወይም ሦስት በአራት አድርጎ ይደረድራል፤ 10ሩን ግን ከሁለት በአምስት ሌላ የረባ አደራደር አያገኝለትም።

እዚህ ላይ «33.33 ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?» የሚል ይኖራል። ዛሬ አይከብድም። የነገሩ ቁልፍ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ማብራሪያዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ነጥብ አስቀምጦ ከአንድ በታች ያለውን በአስረኛ፣ በመቶኛ፣ በሺኛ መጻፍ ከመለኪያዎቹ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከሕንድ የተነሣው፣ የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት እያልን የምንማረው አጻጻፍ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ለሙሉ ቁጥር ነበር። የአስርዮሽ ክፍልፋይ እ.ኤ.አ. በ952 ደማስቆ ላይ የሒሳብ ሊቁ አል ኡቅሊዲሲ በጻፈው ሥራ ውስጥ ይታያል፤ በ1427 ደግሞ ሰማርቃንድ ላይ አል ካሺ በሰፊው አብራርቶታል። አውሮፓ ውስጥ ነጋዴውም፣ መሬት ለኪውም፣ ገንዘብ መዛኙም ይጠቀምበት ብሎ የተከራከረለት ፍላንደርሳዊው ሲሞን ስቴቪን ነው፤ ይህም በ1585 ነው። ስቴቪን በዚያው ጽሑፉ መንግሥታት ገንዘቡንም፣ ሚዛኑንም፣ የርዝመት መለኪያውንም በአስር እንዲከፋፍሉ ጠይቆ ነበር። ጫማውና ኢንቹ፣ ሰዓቱና ዲግሪው ግን ያን ጊዜ ሥር ከሰደዱ ሺህ ዓመታት አልፏቸዋል።

ከዚያ በፊት የነበረው ሰው ከአንድ ያነሰ ነገር ሲገጥመው ወደ ነጥብ አይሄድም ነበር። የሚሄደው ወደ ትንሹ መለኪያ ነው። ትንሹ መለኪያ ራሱ ክፍልፋዩ ነበር ማለት ነው። ሰባት ኢንች ስንል ሰባት አስራ ሁለተኛ ጫማ እያልን ነው፤ ሃያ ደቂቃ ስንል ሃያ ስልሳኛ ሰዓት። ይህ አሠራር ሰውዬውን ከክፍልፋይ ስሌት ጣጣ ያድነዋል፤ የሚደምረውና የሚቀንሰው ሙሉ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ይህ እንዲሆን ግን ትልቁ መለኪያ የሚከፈልበት ቁጥር አስቀድሞ ብዙ አካፋይ ያለው ሆኖ መመረጥ አለበት። ሮማውያን ይህን ጥግ ድረስ ወስደውታል፦ አስራ ሁለተኛ ለሚባለው ክፍል አንድ ስም አወጡና ያንኑ ለጫማም፣ ለፓውንድም፣ ለውርስ ድርሻም ተጠቀሙበት። የሟች ንብረት ሙሉው አስራ ሁለት ዕጣ ተብሎ ሲሶ የደረሰው ወራሽ አራት፣ ሩብ የደረሰው ሦስት ዕጣ ይወስዳል።

ይህን አስተሳሰብ ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ አርቆ የወሰደው የመስጴጦምያ ሕዝብ ስለሆነ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ፣ ኡሩክ በምትባለው ከተማ ፍርስራሽ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3000 ዓመት ቀደም ብለው የተጻፉ የሸክላ ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ የሒሳብ መዝገቦች ናቸው። ጸሐፊው የሸምበቆውን ጫፍ እርጥብ ጭቃ ላይ አጋድሞ ሲጫን ሞላላ ምልክት ይወጣለታል፤ ቀጥ አድርጎ ሲጫን ክብ ምልክት ይወጣል። በግና ዕቃ ሲቆጠር አንዷ ክብ የአስር ሞላላ ምልክቶች ዋጋ አላት። እህል ሲሰፈር ግን ያቺው ክብ የስድስት ሞላላ ዋጋ ነው ያላት። ምልክቷ አንድ፣ ጸሐፊው አንድ፣ ሰሌዳው አንድ ሆኖ ዋጋዋ የሚወሰነው በሚቆጠረው ወይም በሚሰፈረው ነገር ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም። መለኪያ ከቁጥር ሥርዓት ያፈነገጠ አይደለም፤ ቁጥር ራሱን ችሎ ከነገሮቹ ከመለየቱ በፊት እያንዳንዱ መለኪያ የየራሱ አሰባሰብ ነበረው።

ለነጠላ ነገሮች ያገለግል የነበረው ቆጠራ ደረጃዎቹ 1፣ 10፣ 60፣ 600፣ 3600 ናቸው። በአስር ይወጣል፣ ቀጥሎ በስድስት፣ እንደገና በአስር፣ እንደገና በስድስት። ስለ ስልሳ አመጣጥ በሰፊው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፦ በአውራ ጣት የቀሩትን አራት ጣቶች ሦስት ሦስት አንጓ ቢቆጥሩ 12 ይሆናል፣ ያንን በሌላው እጅ አምስት ጣቶች ቢያበዙ 60 ይመጣል የሚል። በአንጓ መቁጠር ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ስልሳ ከዚያ መጥቶ ቢሆን ሰሌዳዎቹ ላይ የ12 ደረጃ ማየት ነበረብን፤ እዚያ ያለው የ10 እና የ6 ደረጃ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ለማስረጃነት አልጠቅሰውም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2000 ዓመት አካባቢ ይህ ቆጠራ ተጣርቶ ባለ ቤት ስሌት ሆነ፤ የአንድ ቤት፣ የስልሳ ቤት፣ የ3600 ቤት፣ ወደ ታችም የስልሳኛ ቤት፣ የ3600ኛ ቤት። በዚህ ስሌት የተማረ ጸሐፊ ማካፈልን በማባዛት ይተካው ነበር። በቃሉ ያጠናው ሰንጠረዥ ለ2 ተገላባጩ (60 ለቁጥሩ ሲካፈል የሚወጣው) 30፣ ለ3 ደግሞ 20፣ ለ4 15፣ ለ5 12፣ ለ6 10፣ ለ8 7 ከ30 ይለዋል። 50ን ለ8 ለማካፈል 50ን በ7 ከ30 ያበዛል፤ ማለትም በሰባት ስልሳኛና በግማሽ ስልሳኛ። 375 ስልሳኛ ይወጣል፣ ስልሳ ስልሳውን ሲቋጥረው 6 ሙሉ ከ15 ስልሳኛ ይሆናል፤ በእኛ አጻጻፍ 6.25። ምንም አልተረፈም። ሰንጠረዡ ከ6 ወደ 8 ሲሻገር 7ን ይዘላል፤ የ7 ተገላባጭ በስልሳ ቤት አያልቅምና። የእኛስ? ከ2 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች የ3፣ የ6፣ የ7 እና የ9 ተገላባጮች በአስርዮሽ ሲጻፉ መጨረሻ የላቸውም። ባቢሎናዊውን የሚያስቸግረው አንዱ 7 ብቻ ነበር። ከዚህ አንጻር ስልሳ ከአስር የተሻለ መሣሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ መሣሪያ ምን ያህል ስለት እንደነበረው ለማየት ዬል ዩኒቨርሲቲ ያለችውን አንዲት መዳፍ የምታህል ክብ ሰሌዳ መመልከት ይበቃል። ካሬ ተሥሎባታል፣ ሁለቱ ዲያጎናሎችም ተሠምረዋል። ዲያጎናሉ ላይ 1፣ 24፣ 51፣ 10 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። 1 ከ24 ስልሳኛ፣ ከ51 ሦስት ሺህ ስድስት መቶኛ፣ እያለ ሲተረጎም 1.414213 ይመጣል፤ የ2 ዳግም ዘር ነው፤ ከትክክለኛው ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊዮንኛ ያንሳል። ሰሌዳዋ ወደ 3700 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላት።

ስልሳ እስከ እጃችን ሰዓት ድረስ የመጣው በሥነ ፈለክ ሊቃውንት በኩል ነው። ግሪኮቹ፣ በተለይም ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሂፓርኮስና ከእርሱ ወዲህ በእስክንድርያ የሠራው በጥሊሞስ፣ የባቢሎንን የብዙ መቶ ዓመታት የሰማይ ምልከታ ሲወርሱ ቁጥሩንም አብረው ወረሱ። በጥሊሞስ ሙሉውን ቁጥር በግሪክኛ በአስር ይጽፍና ከዲግሪ በታች ያለውን በስልሳ ይቀጥላል። ክቡ 360 የሆነውም ከዚያው ነው። የመስጴጦምያ መዝገብ ያዦች ለሒሳብ እንዲመቻቸው ዓመቱን 12 ወር፣ ወሩን 30 ቀን አድርገው ይይዙ ነበር፤ ፀሐይ በከዋክብት መካከል የምትጓዝበት መንገድም ለ12 ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል ለ30 ተከፈለ። ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ገደማ ትሄዳለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ የሥነ ፈለክ ሊቁ አል ቢሩኒ የጨረቃን ልደት ሲያሰላ ጊዜንም በስልሳ በስልሳ አድርጎ ከሰከንድ በታች ሁለት ደረጃ ወርዷል። ከላይ የጠቀስኩት አል ካሺ እንኳ፣ የአስርዮሽን ክፍልፋይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው፣ በ1424 የክብን ዙሪያ ሲያሰላ የሠራው በስልሳ ነው፤ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ አስር የመለሰው።

24ቱ ሰዓት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ግብፃውያን ሌሊቱን በሚወጡ ከዋክብት ለ12 ከፈሉት፤ ቀኑንም ለ12። ቀኑ ሲረዝም ሰዓቱ ይረዝማል፣ ሲያጥር ያጥራል። እኩል የሆነው ሰዓት ለረጅም ዘመን የሊቃውንት ብቻ ሆኖ ቆይቶ ለሁሉም ሰው የደረሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ማማዎች ላይ በጥርሳም ጎማ የሚሠራ ሰዓት ሲሰቀል ነው።

እስካሁን ያልኩት 12ን፣ 24ን፣ 60ንና 360ን ያስረዳል። 16ን ግን አያስረዳም። 16 ለሦስት አይካፈልም፣ ለአምስትም አይካፈልም፤ ከ12 በላይ ሆኖ ያለው አካፋይ አምስት ብቻ ነው። የ16 ምንጭ ሚዛን ነው። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አለ፣ የተመሰከረለት አንድ ፓውንድ የሚመዝን ክምር አለ፣ ሌላ መዘኛ ድንጋይ የለም እንበል። ክምሩን ሁለቱ ሳህኖች ላይ እያካፈሉ ይጨምራሉ፣ ምላሱ እኩል ሲቆም ያለ ምንም ቁጥር ሁለት ግማሽ አግኝተዋል። አንዱን ግማሽ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና፣ አራተኛ ጊዜ ሲደግሙት አንድ አስራ ስድስተኛ በእጅዎ ነው። በዚህ መንገድ አስረኛ ላይ ፈጽሞ አይደረስም፤ አስረኛ ለማግኘት አምስተኛ ያስፈልጋል፣ ሚዛን ደግሞ ለአምስት መክፈል አያውቅም። ገመድም ሲታጠፍ የሚሰጠው ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ ነው። የኢንች ማስመሪያ ላይ ያሉት ጭረቶች ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዘዋል። የእንግሊዝ ጋሎን ለአራት ኳርት፣ ኳርቱ ለሁለት ፓይንት የተከፈለውም በዚሁ ነው።

ይህ የአንድ ሕዝብ ጠባይ አይደለም። በኢንዱስ ወንዝ ሸለቆ በሃራፓና በሞሄንጆ ዳሮ የተገኙት ኪዩብ ቅርጽ ያላቸው የድንጋይ መዘኛዎች ከ4000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው፤ ትንንሾቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያሉ በእጥፍ ይሄዳሉ፣ ትልልቆቹ ላይ ሲደረስ ግን በአስር ማባዛት ይጀምራል። ታች መክፈል፣ ላይ መቁጠር። የእጥፍ መዘኛ ሌላም ጥቅም አለው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 የሆኑ አምስት ድንጋዮች ከ1 እስከ 31 ያለውን ክብደት ሁሉ ሳይዘሉ ይመዝናሉ። ከሺህ ዓመታት በኋላ ኮምፒውተር ሲሠራ ይኸው ነገር ተመልሶ መጣ። ከመብራትና ከመጥፋት ሌላ ሁኔታ የሌለው ዕቃ በሁለት ሁለት ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ባይቱ 8 ቢት ሆነ፣ ለሺህ የሚቀርበውም 1024 ሆነ። ኪሎ ማለት 1000 ነው ወይስ 1024 የሚለው ክርክር እስከ 1998 ቆይቶ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለ1024ቱ ኪቢባይት የሚል የተለየ ስም አወጣለት። አንድ ቴራባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ የሚታየው ሻጩ በ1000፣ ማሽኑ በ1024 ስለሚያካፍል ነው፤ የጎደለ ነገር የለም።

አንዳንዱ ቁጥር ደግሞ የማንም ምርጫ ሳይሆን የድርድር ውጤት ነው። ማይል 5280 ጫማ መሆኑ ብዙ ሰው ያናድዳል። የሮማ ማይል 5000 ጫማ ነበር፤ ሺህ ጥንድ እርምጃ፣ እያንዳንዱ ጥንድ አምስት ጫማ። እንግሊዝ ውስጥ ግን መሬት የሚለካው ፈርሎንግ በሚባል፣ ከአንድ ትልም ርዝመት በተነሣ መለኪያ ሲሆን እርሱ 660 ጫማ ነው። የርስት ሰነዶች ሁሉ በፈርሎንግ ስለተጻፉ ፈርሎንጉን መንካት ማለት የሰውን ድንበር መንካት ነበር። በ1593 የወጣው ሕግ ማይሉን 8 ፈርሎንግ አደረገው፣ 8 ጊዜ 660 ደግሞ 5280 ነው። ተዘርግቶ የተስተካከለው ማንም ርስቱን ያልጻፈበት ማይል ነው። የዓመቱና የወሩ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ ዓመት 365.2422 ቀን፣ ከጨረቃ እስከ ጨረቃ 29.53 ቀን ነው፤ በየትኛውም ቁጥር ብንቆጥር አይገጥሙም። አስራ ሁለት ወር የተባለው 12 ጨረቃ 354 ቀን ሆኖ ለዓመቱ ስለሚቀርብ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ። ሁሉንም በአስር ማድረግ ተሞክሯል፤ የሞከሩትም የዋዛ ሰዎች አልነበሩም። አብዮታዊቷ ፈረንሳይ በኖቬምበር 1793 ቀኑን 10 ሰዓት፣ ሰዓቱን 100 ደቂቃ፣ ደቂቃውን 100 ሰከንድ እንዲሆን አወጀች። አዲሱ ሰከንድ የእኛ 0.864 ሰከንድ፣ አዲሱ ሰዓት የእኛ 144 ደቂቃ ነበር። ሰዓት ሠሪዎች አሮጌውንም አዲሱንም የሚያሳይ ፊት ያላቸው ሰዓቶች ሠሩ። ሳምንቱም 10 ቀን ሆነ። በ7 ኤፕሪል 1795 የወጣው ሕግ የአስር ሰዓቱን ቀን አገደው። የሚገርመው ሜትርን፣ ሊትርንና ግራምን ያቋቋመውም ይኸው ሕግ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ አስር ርዝመትና ክብደት ላይ አሸነፈ፣ ጊዜ ላይ ተሸነፈ።

ለምን? ልማድ ነው ይባላል፤ ልማድማ ርዝመትም ነበረው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ርዝመትና ክብደት ፈረንሳይ ውስጥ ከከተማ ከተማ ይለያዩ ስለነበር በገዢና በሻጭ፣ በባለርስትና በገበሬ መካከል ማለቂያ የሌለው ጠብ ያነሡ ነበር። ሜትር ያን ጠብ ፈታ፤ በአስር መከፈሉ ከላይ የተጨመረ ምቾት ነው። ሰዓት ግን የትም ቢሄዱ 60 ደቂቃ ነበር። የሚፈታ ጠብ አልነበረም፤ አዲሱ ቀን ይዞ የመጣው የሁሉንም ሰው ሰዓት የመለወጥ ወጪ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አስር ሰዓት ለሦስት ፈረቃ አይከፈልም። በ1897 ሒሳብ ሊቁ አንሪ ፖዋንካሬ ያለበት ኮሚሽን 24ቱን ሰዓት ትቶ ሰዓቱን ብቻ ለ100 ለመክፈል ሐሳብ አቀረበ፤ ያም በ1900 ተተወ። ማዕዘን ላይም እንዲሁ ሆነ። ሜትር ሲወሰን ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለው ርቀት አስር ሚሊዮን ሜትር እንዲሆን ተደርጎ ስለነበር፣ ቀጥተኛው ማዕዘን 100 ግራድ ቢባል የግራድ መቶኛ ምድር ላይ ልክ አንድ ኪሎሜትር ይሆናል። እጅግ ያማረ ሥራ ነው፤ አንዳንድ መሬት ቀያሾችም እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። መርከበኛውና አብራሪው ግን ከዲግሪ ስልሳኛ አልተላቀቁም፤ የባሕር ማይል 1852 ሜትር የሆነው የዲግሪ ስልሳኛ ምድር ላይ ሲወርድ ያንን ያህል ስለሆነ ነው።

ገንዘብ ግን በቀላሉ ወደ አስር ሄዷል። ሩሲያ በ1704፣ አሜሪካ በ1792፣ ሕንድ በ1957፣ እንግሊዝ በ1971። 240 ፔንስ የነበረው የእንግሊዝ ፓውንድ 20 አካፋዮች ነበሩት፣ 100 ፔንስ የሆነው 9 አሉት። ቢሆንም ገንዘብ በዋናነት የሚደመርና የሚባዛ ነገር ሆኗል፤ መዝገብ ላይ አስር የሚያክለው የለም።

ዛሬ ያለነው በድብልቁ ነው። ሰከንድ ከ1967 ጀምሮ በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት የተወሰነ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኗል፤ ከእርሱ በታች ሚሊሰከንድ፣ ማይክሮሰከንድ እያልን በአስር እንወርዳለን፣ ከእርሱ በላይ በስልሳ እንወጣለን። ኬልቪን ኪፕቱም በ2023 ቺካጎ ላይ የገባበት የማራቶን ሰዓት 2:00:35 ተብሎ ይጻፋል። አማካይ ፍጥነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ 7235 ሰከንድ ብሎ ወደ አንድ መለኪያ መመለስ አለበት፤ ከዚያ 42,195 ሜትር ለ7235 ተካፍሎ በሰከንድ 5.83 ሜትር ይወጣል።

ስህተት የሚገባው ይህ መመለስ ሲዘለል ነው። የሥራ ሰዓት የሚደምር ሰው 7:50ን፣ 6:45ንና 8:35ን እንደ ተራ ቁጥር 7.50፣ 6.45፣ 8.35 ብሎ ማስሊያ ላይ ቢመታ 22.30 ያገኝና 22 ሰዓት ከ30 ብሎ ይመዘግባል። ደቂቃው በ60 መያዝ ሲገባው በ100 ስለተያዘ 40 ደቂቃ ጠፍቷል። ሰዓቶቹን ለብቻ ይደምሩ፣ 21፤ ደቂቃዎቹን ለብቻ፣ 130፤ 130ውን በስልሳ ይቋጥሩት፣ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ድምሩ 23 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት ለሚታሰብ ክፍያ በአስርዮሽ መጻፍ ካስፈለገ ደግሞ 10ሩ ደቂቃ ለ60 ተካፍሎ 23.17 ይሆናል።